ድንጋዩን ሳላስቀምጥ የመዘንኩት

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ዲበኩሉ፤

አባባ፣ ይህ ወረቀት ከመቱ ዝናብ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ እጅዎ እስኪገባ ድረስ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ዓይንዎ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ተሻለው ወይስ አሁንም መሲ ካላነበበችልዎ ፊደሉ ይንቀጠቀጥብዎታል? ያ ከወገብዎ የሚነሣው ውጋት ለቀቀዎ? ጋቢዎን ደርበው ይቀመጣሉ ወይስ እንደ መቱ ልማድዎ በሸሚዝ ብቻ ደጅ እየወጡ እህቴን ያስጮኋታል? እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። በኩሽናው በኩል የሚያፈሰውን ጣሪያ አስጠግኜዋለሁ። የተከሉት አቮካዶ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪሰበር አፍርቷል፤ ጎረቤታችን እትዬ ዘውደነሽ በየጠዋቱ ከሥሩ እየለቀሙ «ዲበኩሉ የተከለው ዛፍ እንደሱው ነው፤ ሳያወራ ይሠራል» ይሉልዎታል።

ባለፈው በስልክ «ለመሆኑ አንቺ ቀኑን ሙሉ እዚያ ኮምፒዩተር ላይ ተደፍተሽ የምትሠሪው ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ጀመርኩና አቃተኝ። «እንግዲያው ጻፊልኝ፤ የስልክ ወሬ ነፋስ ይወስደዋል፤ ወረቀቱን መሲ ደጋግማ ታነብልኛለች» አሉ። ይኸው ጻፍኩ። መሲዬ፣ ከባድ ቃል ሲያጋጥምሽ እንዳትዘልዪ፤ አያትሽ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቡና የመዘኑ ሰው ስለሆኑ የጎደለውን ነገር ወዲያው ያውቁብሻል። አባባ፣ በዚያው ስልክ ሌላም አንድ ነገር ጠይቀውኝ ነበር። እርስዎ ምናልባት ረስተውታል፤ እኔን ግን ወር ሙሉ ሲያመላልሰኝ ከረመ። ወደሱ እመጣለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ድሮ ከኖርንባት ከያዮ ነው። እሸት ቡና የታጠበበት ውሃ ጠቁሮና ከርፍቶ ወንዝ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ለእርስዎ አልነግርም። እዚያ ያለው የገበሬዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ጋሼ ጭምዴሳ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ባለፈው ዓመት ዩኒቨርሲቲያችን ድረስ መጥተው «የቡና ገለባ ተራራ አክሎብናል፤ አክስለን ውሃውን በከሰሉ ብናሳልፈው ይጠራልን ይሆን?» ብለው ጠየቁ። እኔ እንደሚያውቁት ቀን የላብራቶሪ ረዳት ነኝ፤ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የጥናት ርዕስ እያሰስኩ ነበርና የሽማግሌውን ጥያቄ ቀለብኩት። አማካሪዬ ዶክተር ደበሳም «ገለባ ከማቃጠላችን በፊት ውሃውን የሚያጠቁረው ነገር ከከሰል ጋር ይጣበቅ እንደሆነ በሒሳብ እንየው» አሉኝ።

እዚህ ላይ «እንዴት ያለ ሒሳብ ነው ሳይነኩ የሚያሳውቅ?» ይሉኛል። እኔም መጀመሪያ እንዲያ ብዬ ነበር። አባባ፣ አንድ ነገር ከሌላው ጋር ይጣበቅ አይጣበቅ የሚወስኑት በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ በዓይን የማይታዩ፣ በሽቦ ሲሄዱ አምፖል የሚያበሩት እነዚያው። እነሱ የት የት እንደሚሰፍሩ ካወቅን ነገሩ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ እናውቃለን። ችግሩ አንዱ የሚሰፍረው ሌሎቹ የት እንዳሉ አይቶ መሆኑ ነው። የሠርግ ድንኳን ያስቡ። አማቱን ያየ ወደ ጥግ ይሸሻል፤ እሱ ሲነሣ አጠገቡ የነበረው ተስፋፍቶ ይቀመጣል፤ ያ ሲስፋፋ ደግሞ ከኋላ ያሉት ሴቶች ይገፋሉ። ኮምፒዩተሩም መጀመሪያ በግምት ያስቀምጣቸዋል፤ ማን ማንን እንደሚገፋና እንደሚስብ ያሰላል፤ እንደገና ያስቀምጣቸዋል፤ እንዲህ እያለ ድንኳኑ እስኪረጋ ድረስ ይመላለሳል። ሲረጋ የጠቅላላውን ጉልበት በቁጥር ይሰጠኛል። ሥራዬ ይህ ነው። አንድ ቀን ይህን ለእትዬ ዘውደነሽ ሳስረዳቸው «ታዲያ ድንኳኑ ሳይረጋ ምሳ ቢቀርብስ?» አሉኝ፤ ዶክተር ደበሳ ጥያቄውን ስነግራቸው የፈተና ጥያቄ አደርገዋለሁ አሉ።

የክፍላችን ኮምፒዩተር ታዲያ አንዱን ሒሳብ ለመጨረስ አሥራ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። እኔ የሚያስፈልገኝ ደግሞ አንድ አይደለም፤ ያ ውሃ የሚያጠቁር ነገር ከሰሉ ላይ በጀርባው፣ በጎኑ፣ በጫፉ ሲያርፍ እያልኩ አሥራ ስድስት አኳኋን መመርመር ነበረብኝ። የመጀመሪያውን በጀመርኩ በዘጠነኛው ቀን መብራት ሄደ። እንደገና ጀመርኩ፤ በሰባተኛው ቀን ሄደ። በዚህ አያያዝ መመረቂያዬ የሚደርሰው ለመሲ ልጆች ነው ብዬ ጌድዮን ላይ አለቀስኩበት።

ጌድዮንን ያስታውሱታል፤ ከመናኸሪያው በላይ ፎቶ ቤት ያለው፣ ልጅ ሳለን አብሮኝ የተማረው ቀልደኛ። አሁን ሠርግ በቪዲዮ ይቀርጻል፤ ያቀናብራል። ለዚሁ ሥራ ብሎ ግራፊክስ ካርድ የሚባል ዕቃ የተገጠመለት ትልቅ ኮምፒዩተር ከአዲስ አበባ አምጥቷል። ካርዱ የተሠራው ለምስል ነው፤ ሙሽራዋን ከነቬሎዋ ደመና ላይ የሚያስኬዳት እሱ ነው። ይህ ካርድ ሒሳብም እንደሚሠራ፣ በውጭ አገር የኔን መሰል ሥራ የሚሠሩ ሰዎች አሁን አሁን የሚያፈጥኑት በሱ እንደሆነ አንብቤ ነበር። ጌድዮንን ብጠይቀው ሳቀና «ሁዳዴ ገብቷል፤ የኛ ሰው እስከ ፋሲካ አያገባም፤ ማሽኑም አብሮ ይጹም ብዬ ሸፍኜው ነበር፤ ግቢና ሥሪበት» አለኝ። በሁዳዴ የሠርግ ማሽን ሥራ እንደሚፈታ ያሰበ ተመራማሪ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አባባ፣ ለሥዕል የተሠራ ዕቃ ኤሌክትሮን መቁጠሩ ለምን ይሆን ብዬ ብዙ አሰብኩ፤ መልሱን ሳገኘው በጣም ደስ አለኝ። የኮምፒዩተር ዋናው አንጎል እንደ ስምንት የተማሩ ጸሐፊዎች ነው፤ ከባድ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ያመዛዝናሉ፣ ግን ስምንት ናቸው። ግራፊክስ ካርዱ ግን ያዮ ጫካ ውስጥ በምርት ጊዜ እንደሚሰማራው ለቃሚ ነው፤ በሺህ የሚቆጠር፣ እያንዳንዱ አንዲት ቀላል ነገር ብቻ የሚያውቅ። ሥዕል የብዙ ነጥቦች ድምር ነውና እያንዳንዱ ለቃሚ አንዷን ነጥብ ይይዛል፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። የኔም ሒሳብ ቦታውን በትንንሽ ሳጥን ከፋፍሎ በየሳጥኑ ስንት ኤሌክትሮን አለ ብሎ ይጠይቃል፤ ያውና፣ ለለቃሚ የሚመች ሥራ ነው። ማመላለሱ ብቻ ነው መዘዙ። የተለቀመው በየጊዜው ወደ ጸሐፊዎቹ መጋዘን ከተጋዘ ጊዜው ሁሉ በመንገድ ያልቃል፤ የያዮን መንገድ ያውቁታል። ስለዚህ ሥራው እዚያው ጫካው ውስጥ እንዲያልቅ አድርጌ ፕሮግራሙን ሳስተካክል አንድ ሳምንት ሙሉ ጌድዮን ቤት ሰነበትኩ። እናቱ የጾም ሽሮ እያቀረቡልኝ «ይቺ ልጅ ሠርጓን ራሷ ልትቀርጽ ነው እንዴ?» ይሉ ነበር።

የመጀመሪያው ሒሳብ በአሥራ አንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ። አሥራ ሁለት ቀን የነበረው! ጌድዮንን አቅፌ ዘለልኩ፤ እሱ ደግሞ ማራገቢያው የሚጮኸውን ጩኸት እየሰማ ካርዱ የሚቃጠልበት መስሎት ያዝን ነበር። አሥራ ስድስቱም በአሥር ቀን ውስጥ ተጠናቀቁ። ውጤቱም ሌላ ደስታ ሆነ፤ ያ ጥቁር ነገር ከከሰሉ ጋር በኃይል ይጣበቃል ይላል። ዶክተር ደበሳ ለሥልጠና ጅማ ነበሩ፤ በስልክ ብነግራቸው «መጥቼ እስካየው ለማንም አትንገሪ» አሉኝ። እኔ ግን ጥድፊያዬን ያውቁታል፤ በማግሥቱ ለጋሼ ጭምዴሳ ደወልኩ። ሽማግሌው ሦስት ጊዜ መረቁኝ። ክረምት ሳይገባ የማጣሪያ ጉድጓድ ለመቆፈር ሰው እንደሚያስወጡ፣ ገለባውንም ማክሰል እንደሚጀምሩ ነገሩኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ?

እርስዎ የደወሉት በዚያው ሰሞን፣ በመጻጉዕ እሑድ ነው። እኔ ደስታ በደስታ ሆኜ ኮምፒዩተሩ የመጣበቁን ኃይል እንደመዘነልኝ ስለፈልፍልዎ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ሚዛኑን በምን ፈተሽሽው?» አሉኝ። ሳቅኩ። «አባባ፣ ይህ እኮ ኮምፒዩተር ነው» አልኩዎ። እርስዎም «ያው ሚዛን ነው» ብለው ስለ ብርዱ ማውራት ጀመሩ።

ስልኩን ዘጋሁ። ሳቄ ግን ቀስ እያለ ጠፋ። ልጅ ሆኜ ያዮ ሳለን ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያው ጆንያ ከመውጣቱ በፊት ያንን «ዲ» የተቀረጸበትን ድንጋይ ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጡ ትዝ አለኝ። ገባ ከሚባለው ወንዝ ያመጡት፣ የመንግሥት ማኅተም ካለበት የሃያ ኪሎ ብረት ጋር እያስተያዩ በመሮ እየፈለጡ ልክ ያደረጉት ድንጋይ። ሚዛኑ ሃያ ካላለ ጆንያ አይወጣም ነበር። እኔ አሥራ ስድስት ጆንያ መዝኜ አንዴም ድንጋይ አላስቀመጥኩም።

በእኔ ሥራም ድንጋይ አለ አባባ። ብዙ ሰው በሙከራ የለካው፣ መልሱ በየመጽሐፉ የተጻፈ፣ ከከሰል ጋር የሚጣበቅ አንድ የታወቀ ነገር አለ። እሱን አስቀድሞ ማስላትና መልሱ ከመጽሐፉ ጋር መግጠሙን ማየት የማንኛውም ተማሪ ግዴታ ነው። በአሥራ ሁለት ቀኑ ኮምፒዩተር ጊዜ «አሥራ ሁለት ቀን ለፈተሻ?» ብዬ ዘለልኩት፤ በአሥራ አንድ ሰዓቱ ጊዜ ደግሞ ከደስታ የተነሣ ረሳሁት። በማግሥቱ ጌድዮን ቤት ሄጄ ሒሳቡን አዘጋጀሁ። ከዚያ ቁልፉን ለመጫን ጣቴ እንቢ አለኝ። መልሱን ፈርቼ ለረጅም ጊዜ ቁጭ ማለቴን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእርስዎ ብቻ ነው የምጽፈው። በመጨረሻ ጫንኩት። የወጣው መልስ መጽሐፉ ከሚለው ሦስት እጥፍ ሆነ።

ጥፋቱ የት እንደሆነ ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የምፈልገውን የመጣበቅ ኃይል የማገኘው በልዩነት ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ያለውን ጉልበት አስልቼ ለየብቻ ያላቸውን እቀንሳለሁ። ጠቅላላው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቁጥር ነው፤ እኔ የምፈልገው ልዩነት ግን ከአንድም ያነሰ። ቀለበት ለመመዘን አይሱዙ ከነቀለበቱ መዝኖ፣ ቀለበቱን አውርዶ እንደገና አይሱዙውን መመዘን ማለት ነው። የጌድዮን ካርድ ደግሞ የሚፈጥነው ቁጥርን በሰባት አኃዝ ብቻ ሲይዝ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ጭራ ቆርጦ ይጥላል። ለሠርግ ምንም አይደለም፤ ከቬሎው ላይ አንዲት ነጥብ የፀጉር ስንጣቂ ያህል ብትቀላ ማን ያያታል? የኔ ቀለበት ግን ያለችው ጭራው ላይ ነው። በረጅሙ፣ በአሥራ ስድስት አኃዝ እንዲሠራ ማዘዝ ይቻል ነበር፤ ያኔ ካርዱ ይንቀራፈፋል። አጭሩን የመረጥኩት እኔው ነኝ፤ ለፍጥነቱ ስል።

መላው ከተገኘ በኋላ ቀላል ነበር። ድንኳኑ እየተንጫጫ ባለበት በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ጥንቃቄ አያስፈልግም፤ በአጭሩ ቁጥር ይሩጥ። ሊረጋ ሲል የመጨረሻዎቹን ዙሮች ብቻ በረጅሙ ይሥራ። በየዙሩም የደረሰበትን እንዲያስቀምጥ አደረግኩት፤ መብራት ቢሄድም ካቆመበት ይቀጥላል። እንዲህ ሲሆን አንዱ ሒሳብ ሠላሳ ሰዓት ይፈጃል። መጀመሪያ ድንጋዬን አስቀመጥኩ፤ ያ የታወቀው መልስ ልክ መጣ። ቀጥዬ ልሮጥ ስል ጌድዮን «ውጪልኝ» አለኝ። ለካ ፕሮቴስታንቶቹ በኛ ጾም ያገባሉ፤ ኢሊሊ የምትባል የጎሬ ልጅ የሠርጓን ቪዲዮ እየጠበቀች ነበር። አምስት ቀን እጄን አጣጥፌ የኢሊሊን ሚዜዎች ጭፈራ ሳይ ሰነበትኩ። አሁን ዘፈኖቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ።

ዋና ዋናዎቹን አራት አኳኋን ብቻ መርጬ እንደገና ሠራሁ። እውነተኛው መልስ ይኸው፦ ያ ጥቁር ነገር በከሰሉ ዝርግ ገጽ ላይ የሚይዘው መጀመሪያ ካልኩት ሢሶ ያህል ብቻ ነው፤ የሚሮጥ ውሃ ይነቅለዋል። ከሰሉ በተሸራረፈበት ጠርዝ ላይ ግን ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ስለዚህ ዝም ብሎ የከሰለ ገለባ አይበቃም፤ ደቅቆ ጠርዙ መብዛት አለበት፤ ይብቃ አይብቃ ደግሞ በበርሜል ካልተሞከረ ሒሳብ ብቻውን አይናገርም። ጠርዙ ለምን የተሻለ እንደሚይዝ፣ ምን ቢኖረው እንደሆነ ገና እየመረመርኩ ነው። እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያው ውሸት ይልቅ ይህ እውነት የበለጠ ያጓጓኛል።

ዶክተር ደበሳ ከጅማ ሲመለሱ ሁሉንም ከነጥፋቴ ነገርኳቸው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ «ሒሳቡን አስተካክለሻል፤ ሰዎቹስ?» አሉኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል አባባ። ስህተቱን ካወቅኩ በኋላ ከሁለት ሳምንት በላይ ለጋሼ ጭምዴሳ አልደወልኩም። እርግጠኛ ስሆን፣ አዲሱ ቁጥር ሲመጣ እያልኩ እጎትተው ነበር፤ እዚያ ሰዎች እየቆፈሩ ነው። ዶክተር ደበሳ «እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይባልም» አሉኝ።

ባለፈው ቅዳሜ በሚኒባስ ያዮ ሄድኩ። ጉድጓዱ እኔን ከነቁመቴ የሚውጥ ሆኗል። ወንዶቹ ቆመው፣ ሴቶቹ የገለባውን ክምር ተደግፈው «ባርሲፍቱ መጣች» ብለው በደስታ ከበቡኝ። መሲዬ፣ አስተማሪዋ ማለት ነው። የተዘጋጀሁበት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝና በኦሮምኛ «ዶጎጎሬን ጂረ» አልኩ፤ ተሳስቻለሁ። ከሰሉ እንዳልኳቸው እንደማይይዝ፣ ጥፋቱም የማሽኑ ሳይሆን ፈትሼ ሳልጨርስ የነገርኳቸው የእኔ መሆኑን፣ ገለባውን በጅምላ ከማክሰላቸው በፊት በአንድ በርሜል እንድንሞክር፣ ሁሉንም ተናገርኩ። አንድ ጎልማሳ መቆፈሪያውን ጥሎ ሄደ። አንዲት ተጂቱ የምትባል ሴት «ታዲያ ይህ ሁሉ ጉድጓድ?» አለችኝ።

ጋሼ ጭምዴሳ ግን ወደ እኔ ቀረብ ብለው «ኢንተለ ኤኙቲ አቲ?» አሉኝ፤ የማን ልጅ ነሽ? በስልክ ስንነጋገር የሚያውቁኝ በስሜ ብቻ ነበር። «የዲበኩሉ፤ ድሮ እዚህ ቡና ይመዝኑ የነበሩት» አልኳቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ለተሰበሰበው ሰው እኔ የማላውቀውን ነገር አወሩ። በዘጠና ሦስት ዓመተ ምሕረት የምርት ሰሞን አንድ ጠዋት እርስዎ ድንጋዩን ሚዛኑ ላይ ቢያስቀምጡ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ አለ። ከቀጣሪዎ ከቡና ነጋዴው ሰዎች ፊት፣ ከተሰለፈው ገበሬ ፊት ቆመው «ይህ ሚዛን ከየሃያ ኪሏችሁ አንድ ኪሎ እየወሰደባችሁ ነው፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም፤ አሥር ቀን ቸኩዬ ሳልፈትሽ መዝኛለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። የነጋዴው ሰዎች ደግሞ «ሚዛኑ ልክ ነው፤ የተሸረፈው ድንጋዩ ነው» ብለው ሚዛኑን ጭነው ወሰዱት። ጋሼ ጭምዴሳ ያኔ ከተሰላፊዎቹ አንዱ ነበሩ። «ያን ቀን ተሳስቻለሁ ያለን ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ልጁ» አሉ።

አባባ፣ አሥር ቀን ሳይፈትሹ እንደመዘኑ አልነገሩንም ነበር። እኔ የማውቀው ከሥራ መባረርዎን ነው። ዕቃችን ሁሉ አይሱዙ ላይ ተጭኖ መቱ ስንገባ ድንጋዩም አብሮ መጣ፤ እርስዎም በጥበቃ ሥራ ተቀጠሩ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ፣ የትምህርት ቤት ጉዞ ቀርቶብኝ በተናደድኩ ጊዜ፣ «አንድ ድንጋይ አምነው ቤታችንን አፈረሱ» ያልኩዎን ያስታውሳሉ? አይረሱትም፤ እኔም አልረሳሁትም። ያኔ ድንጋዩን ከሳሎን አውጥተው የአጥሩ በር መደገፊያ አደረጉት። ይቅር ይበሉኝ። ይህን በቃል ለማለት ስንት ጊዜ ስልክ አንሥቼ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘግቻለሁ። በእማማ ዓርባ ዕለትም ለሽማግሌዎቹ «ምናልባት እውነትም ድንጋዩ ይሆናል የጎደለው፤ እኔ እንጃ» ሲሉ ከጓዳ ሰምቼዎታለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አንድ ቀን ወስደው አልመዘኑትም እያልኩ እገረም ነበር። ጌድዮን ቤት ቁልፉ ላይ ጣቴ ሲደርቅ ገባኝ።

ጋሼ ጭምዴሳ «ድንጋዩ የት አለ?» አሉኝ። በራችን ሥር አልኳቸው። «ይምጣ፤ ማኅበሩ አዲስ ሚዛን አለው፤ የመንግሥት መርማሪ ባለፈው ወር ፈትሾ ያተመበት» አሉ። ከትናንት በስቲያ ሐሙስ በጆንያ አድርጌ ይዤው ሄድኩ። የሚኒባሱ ረዳት ሲያነሣው አቃስቶ «እህቴ፣ መቱ ድንጋይ አለቀ ወይስ ያዮ ድንጋይ የለም?» ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀብኝ። እኔ አልሳቅኩም። ቢጎድልስ? ደግሞም ልጽፍልዎ ወስኜ ነበር፤ ቢጎድልም እንደማልደብቅዎ በመንገድ ላይ ለራሴ ማልኩ።

ሚዛኑ ላይ ያስቀመጡት ጋሼ ጭምዴሳ ራሳቸው ናቸው። ቁጥሩ ተንቀጠቀጠና ሃያ ኪሎ ከሃምሳ ግራም ላይ ቆመ። አጥራችን ሲሠራ የተጣበቀበት የሲሚንቶ ቅርፊት ነበረው። ተጂቱ ቢላዋ አምጥታ ፋቀችው፤ «ዲ»ዋም ከሥሩ ወጣች። እንደገና አስቀመጥነው። ሃያ ኪሎ አለ፤ ልክ ሃያ። አንሥተን ደግመን አስቀመጥነው፤ ሃያ። አባባ፣ ድንጋይዎ ልክ ነበር። ያን ጊዜም ልክ ነበር፤ በር ሲደግፍም ልክ ነበር። ሚዛኑ ነው የዋሸው። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ መቆፈሪያውን ጥሎ የሄደው ጎልማሳ ተመልሶ መጥቶ ስለነበር እሱም አየኝ፤ ይየኝ።

በርሜሉን ከፋሲካ በኋላ እንሞክራለን። ጉድጓዱም ከንቱ አይቀርም፤ ውሃው ወንዝ ሳይገባ እንዲረጋበት ይሁን ብለዋል። ጋሼ ጭምዴሳ ድንጋዩ እዚያው ሚዛኑ አጠገብ ይኑር ብለው ለመኑኝ፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይሆንም ብዬ መልሼ ወደ ቤት አመጣሁት። ጥናቴን በግንቦት መጨረሻ አቀርባለሁ፤ ዶክተር ደበሳ የመጀመሪያውን ወንበር ለእርስዎ ይዘዋል። ጉልበትዎ ከፈቀደ ይምጡና አብረን ያዮ እንሂድ፤ ድንጋዩን ራስዎ ያስቀምጡት።

ለእህቴ ለሙሉብርሃን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ መሲዬ፤ ቆጣ ስትል እማማን እንደምትመስል ንገሪያት። ለአባትሽ ለጋሽ ወንድይፍራው የላኩልኝ ባትሪ ደርሶኝ ኮምፒዩተሩን ሁለት ጊዜ ከሞት እንዳዳነው ንገሪልኝ። ትንሹን ወንድምሽን በምነትን ጉንጩን ሳሚልኝ። እትዬ ዘውደነሽ፣ ጌድዮንና እናቱ፣ ዶክተር ደበሳም ለሁላችሁ ጤና ይስጥልን ብለዋል። አንቺም መሲ፣ ይህን ሁሉ ስላነበብሽ ተባረኪ። ወረቀቱን ከማጠፍሽ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ፤ ሚዛኑ ሃያ ያለበትን ቦታ ፈልጊና ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ እንደገና አንብቢላቸው። ዝም ቢሉሽም አንብቢላቸው።

ልጅዎ ዕፀገነት
መቱ፣ የሆሳዕና ዋዜማ፣ ሚያዝያ ፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.